ዘጠኝ ቁጥር

መጣሁ። ኳስ ልይ ብዬ አይደለም፣ ኳስም አላውቅ፤
የሰፋሁትን ማሊያ ልይ ነው፣ ክሩ እንዳይለቅ።

ትእዛዙ የመጣው ሐሙስ ነው፣ ሊመሽ ሲል፣
«አሥራ ሁለት ቁጥር፣ ለቅዳሜ፣ ጋሼ፣ ይደርሳል?»
ይደርሳል አልኩ። መብራት ሄደ። ሻማ ለኮስኩ፣
ነጩን ቁጥር ከአሮጌ አንሶላ እየቆረጥኩ፣
መርገጫው ላይ የተኛ እግሬን እየቀሰቀስኩ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እንቅልፍ ሲጥለኝ ሲያነሳኝ
ስድስት ላይ ይሁን ዘጠኝ ላይ፣ እንጃ፣ የቱ ጋ እንዳለሁ ጠፋኝ።

ሜዳው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው፣ ሲሚንቶው የተሰነጠቀ፣
መረቡ ተቀዶ በሲባጎ የታረቀ።
ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ጉም እየተነፈሰ፣
አንዳንዱ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ከፈረቃ የተመለሰ፣
ሱፉ ጠጉሩ ላይ እንደ አመዳይ የፈሰሰ።

እንግዶቹ ከሸዋ ሮቢት ናቸው፣ ከማሽላው፣ ከሙቀቱ አገር፣
በሌሊት ተነስተው ሽቅብ የወጡ፣ በጣርማ በር።
ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ያሻሉ፣ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል።
«እነዚህማ ሳይጫወቱ ተሸነፉ» አንዱ ከኋላዬ አለ፤
ኳሱ ሲነሳ ግን ያ ሁሉ ብርድ ከላያቸው ተጣለ።

ገና በሦስተኛው ነጥብ ዳኛው ወንበሩ ላይ ሆኖ ነፋ፤
ወረቀቱ ላይ ያለ ዘጠኝ፣ ሜዳው ላይ ጠፋ።
«ሁለት ስድስት አለ!» ሰው ሁሉ በሳቅ አወካ፤
ያ እንቅልፍ፣ ያ ሻማ፣ ገልብጦብኝ ኖሯል ለካ!

ከመንዝ የመጣች ልጅ ናት፣ ወርቅያንጥፉ ትባላለች፣
ጀርባዋን ማየት አትችል፣ «ምን አጠፋሁ?» ትላለች።
«ሰፊው ማነው?» አሰልጣኙ ጮኸ። ሰፊው ቆመ፣
ከኮቱ ደረት መርፌ የማይጠፋ፣ ጉልበቱ የታመመ።

መስመሩ ዳር ወረድኩ። ጀርባዋን ሰጠችኝ።
ስፌቱን ፈታሁ። ቁጥሩን ገለበጥኩ። ክሩን ማስገባት ሆነ ጭንቁ፤
ጣቴ ደንዝዞ፣ ዓይኔ ፈዞ፣ ክርና ቀዳዳ ተራራቁ።
አንዴ ሞከርኩ፣ ሁለቴ፣ ጫፉን በምላሴ አረጠብኩ፣
በዚያ ውርጭ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በላብ ተጠመቅኩ።

አንዲት ልጅ በመረቡ ሥር ጎንበስ ብላ መጣች፣
የእንግዶቹ አቀባይ፣ ሁለት ቁጥር፤ እጇን ከብብቷ አወጣች።
«አባባ፣ ያምጡት» አለች፣ መርፌውን ወደ ሰማይ አነሳች፣
በአንድ ትንፋሽ ክሩን አሾለከች።
ስሟን ጠየቅኳት፤ «ዘሀራ» አለችና ወደ ወገኖቿ ሮጠች።

ማንም አላጨበጨበ። ነጥብ አይደለምና።

ከዚያ በኋላ ኳሱን አላየሁም ብል አልዋሸሁ፤
ያየሁት ዘጠኝን ነው፣ ስትዘል ዘለልሁ፣ ስትወድቅ ወደቅሁ።
ትንበረከካለች፣ ሲሚንቶው ጉልበቷን ይልጠዋል፤
ትነሳለች፣ ዘጠኙ ይጨማደዳል፣ ይዘረጋል።
አንዴማ ከመረቡ በላይ ወጥታ በመዳፏ ስታወርደው
ድምፁ፣ አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ ነው የሚመስለው።
ክሩ ያዘ። እኔ እንጃ እንዴት፣ ያ የጥድፊያ ክር ያዘ።

እንግዶቹ አሸነፉ፣ በአምስተኛው ዙር፣ በሁለት ነጥብ ብቻ።
የኛ ሰው ሰበብ አያጣም፣ «ብርዱ ነው» ብሎ ተበተነ፤
በገዛ ብርዳችን! ሜዳው ወዲያው በጉም ተከደነ።
ወርቅያንጥፉ ሹራቧን ደርባ አጠገቤ ስታልፍ፣
«ጋሼ፣ ስድስት ሆኜ ብቀር ይሻል ነበር!» አለችኝ፤
ሳቋ ከጉሙ ወዲያ ዘልቆ ተሰማኝ።

ማታ ቤቴ ኮቴን ሳወልቅ፣ ደረቱ ላይ ተሰክቶ ነበር፣
መርፌው፣ ጭራው ላይ ክር እንዳንጠለጠለ፣ ስንዝር የማይሞላ ክር።
አላወጣሁትም።
ሰኞ የሰው ሱሪ ለማሳጠር
ሌላ መርፌ ገዛሁ።